የወንዙ ቀኝ

ካፒቴኑ የገዛ ጀልባቸውን የዝናብ ሸራ ተከናንበው በወደቡ ሳንቃ ላይ ተጋድመው ነበር። ሸራው ስላጠራቸው እግሮቻቸው ወጥተው ይታያሉ። አንደኛው እግር ጫማ አለው፤ የሌላውን ወንዙ አውልቆ ወስዶታል። በዙሪያቸው የቆመው ሕዝብ ያን ባዶ እግር ላለማየት ፊቱን ወደ ውኃው መልሷል። ወንዙም ሰፊ፣ ድፍርስና ዝግተኛ ሆኖ፣ ትናንት ምንም እንዳላደረገ ሁሉ በሁለቱ ዳሮቹ መካከል ይሄዳል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ውኃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጎደለ፣ በየዳሩ አዲስ ጭቃ እያጋለጠ ነው።

ረፋዱ ላይ የፖሊስ ጀልባ ከታችኛው ከተማ ሽቅብ መጥታ ስትጠጋ፣ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ሴት ወረደች። መርማሪ ናት። ሰዎች በአንደበታቸው የሚናገሩትን በእጃቸው እንዲያሳዩአት የመጠየቅ ልማድ ስላላት፣ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እስቲ አሳየኝ» እያሉ ይጠሯታል። ይህን ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ቀድሟት የደረሰው አሥር አለቃ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ባይደክሙ ይሻል ነበር ኢንስፔክተር፤ ነገሩ አልቋል» አላት። «የልጃቸው ባል ነው። ራሱ አምኗል። ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ስትመለስ ይዘነው እንወርዳለን።»

«ወንዙ ላይ ማን አለ?»

«ማንም። አንድም ታንኳ እንዳይንቀሳቀስ ከልክያለሁ። ሞተሪስቱ ብቻ ‹ታንኳ ስጡኝ፣ ልፈልግ› እያለ ሲለምነኝ አረፈደ።»

«ምን ሊፈልግ?»

«ሬሳውን ነዋ።»

«ሬሳው መቼ ወጣ?»

«ጎሕ ሲቀድ።»

መርማሪዋ አሥር አለቃውን ጥቂት ተመለከተችው። እርሱ ግን ከመልሱ ውስጥ ያለውን ነገር አላየም፤ እርሷም አላሳየችውም።

ወጣቱ በመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ በተጠቀለለ ገመድ ላይ ተቀምጧል። ልብሱ ገና አልደረቀም። ከትምህርት ቤት መጥቶ የካፒቴኑን ልጅ ስላገባ የወንዙ ሰዎች «ተማሪው» ይሉታል። ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ አንድ እጇን በሆዷ፣ አንዱን በትከሻው ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ፣ መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ሚስቱ። «አይስሙት እትዬ፣ ኀዘን ነው የሚያናግረው። ይህ ሰው እኮ ዝንብ እሽ አይልም። አባቴን አጥቻለሁ፤ እሱን ደግሞ ከወሰዳችሁብኝ ይህን ልጅ ለማን ብዬ ነው የምወልደው?»

መርማሪዋ ወጣቱን ብቻ አስነሥታ ወደ ወደቡ ጽሕፈት ክፍል ወሰደችው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የነዳጅና የድርቆሽ ሽታ ተጋብቶባታል። እርሱን አስቀምጣ እርሷ ቆመች።

«ከመጀመሪያው ጀምር።»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚሁ ድርቆሽ ሲጫን ዋለ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሽቅብ ተነሣን። እኔ ከኋላ መሪውን ይዣለሁ። ድርቆሹ ከፊቴ እንደ ቤት ተቆልሎ ምንም አይታየኝም። ካፒቴኑ ጥልቀት መለኪያውን ዘንግ ይዘው ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመው እየጮሁ ይመሩኛል። ጋሼ ሞተሪስቱ ከእኔ በስተኋላ ሞተራቸው ዘንድ ናቸው።»

«ከዚያስ?»

«መታጠፊያውን እንዳለፍን፣ እንደ ወትሮው ዘንጉን አውርደው ጥልቀቱን ሳይጠሩ ‹ቀኝ! ቀኝ!› አሉ። እኔ...» አለና ወደ ወለሉ አቀረቀረ። «እኔ በራሴ ቀኝ አዞርኩ።»

ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። የወንዙ ሰዎች ቀኝና ግራን የሚለዩት በእጃቸው አይደለም፤ በወንዙ ነው። ፊቱን ወደ ቁልቁል፣ ውኃው ወደሚፈስበት ያዞረ ሰው በቀኙ የሚያገኘው ዳር ለዘላለም ቀኝ ይባላል። ሽቅብ የሚጓዝ ሰው ያንኑ ዳር በግራ እጁ በኩል ቢያገኘውም ስሙ አይለወጥም። ሕፃናቱ ይህን ከእናታቸው ጡት ጋር ያገኙታል፤ እንግዳ ግን እስኪለምደው ድረስ ይሳሳታል፣ ይሳቅበታልም።

«ከዚህ በፊትስ ተሳስተህ ታውቃለህ?»

«መጀመሪያ ሰሞን። ካፒቴኑ እየሳቁ ‹ወንዙን ጠይቀው እንጂ እጅህን አትጠይቀው› ይሉኝ ነበር። ካወቅሁት ግን ቆየሁ። ትናንት ምን እንደነካኝ እንጃ።»

«በራስህ ቀኝ እንዳዞርክ በምን አወቅህ?»

«ጀልባዋ ስትመታ፣ ካፒቴኑ ሲወድቁ፣ ጋሼ ሞተሪስቱ ‹ምን አደረግህ! በራስህ ቀኝ አዞርክ እኮ!› ብለው ጮኹ። ዘልዬ ገባሁ። ብዙ ፈለግኋቸው...» እጁን አየው። «ደግሞ እኔም አስታውሳለሁ። ይህ እጄ ያስታውሳል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ወጣቱ ከበስተኋላው ያልነበረውን የመሪ እጀታ እንደያዘ ሆኖ ክንዱን ዘረጋ፤ ከዚያም ወደ ቀኙ በኃይል ገፋው። ክንዱ በዚያው እንደተዘረጋ ቀረ። ፊቱን በሌላ እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሞተሪስቱ ቀደም ብላ የሞተችው የካፒቴኑ ሚስት ወንድም፣ የነፍሰ ጡሯ አጎት ነው። ከወደቡ ጫፍ በታሰረችው አረንጓዴ ጀልባ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይወለውላል። የጀልባዋ አፍንጫ ተሰንጥቋል፤ ቀለሟም ተልጧል።

«ልጁን አትጨክኑበት» አላት ሳትጠይቀው። «ተማሪ ነው። ወንዝ በደብተር አይጠና፤ ምን ያድርግ?»

«የት ነው የተጋጫችሁት?»

«ከመታጠፊያው በላይ፣ ግራ ዳር አሮጌ የሾላ ጉቶ አለ፤ አገር ያውቀዋል። ካፒቴኑ ቀኝ ሲሉት እሱ በእጁ ቀኝ ዞሮ እዚያ ላይ ሰቀለን። እሳቸው ተፈናጥረው በጭንቅላታቸው ወደቁ።»

«አንተ ታይ ነበር?»

«በጎን በኩል አያለሁ እንጂ። ኢንስፔክተር፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሞተሩን ቶሎ አላጠፋሁም። ይህ ከኅሊናዬ አይወጣም።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ስብራቱም እውነተኛ ነበር። መርማሪዋን ግራ ያጋባት ይኸው ነው።

ከወደቡ ጀርባ የካፒቴኑ ታላቅ እኅት የሚያስተዳድሩት የመንገደኞች ማረፊያ አለ። ሴትዮዋ በግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፎጣ ያጥባሉ።

«ወንድሟ ሞቶ ፎጣ ታጥባለች ብለሽ እንዳትታዘቢኝ» አሉ። «እጄ ሥራ ከፈታ ልቤ ይፈነዳል። ደግሞ ሰው ፍለጋ አትድከሚ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንዴት አድርገው እማማ?»

«ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አለኝ። አይሆንም አልኩ። ላይኛው መንደር ከብቶቹ ተርበዋል፣ አንተ ሰነፍህ፣ አረጀህ አልኩት። አረጀህ ሲሉት አይወድም። በእልህ ተነሣ።» ፎጣውን እንደ ጠላት ጨመቁት። «አረጀህ ባልለው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሎ ይጨቀጭቀኝ ነበር።»

መርማሪዋ ከገበቴው ውስጥ አንዱን ፎጣ አነሣች። «ይህ ዘይት ነው?»

«ዘይት ቢሆንማ ለምጄዋለሁ። የዚያ የኔ ጌታ የሞተሪስቱ ነው። ሁልጊዜ በዘይት ነበር የሚያጠቁርብኝ፤ ትናንት ደግሞ ጭቃ አመጣልኝ። ሰው ሁሉ ድርቆሽ ተሸክሞ ሲጎብጥ፣ እሱ በቀትር ታንኳ ይዞ ጠፋ። ሲመለስ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ፣ እግሩ ደረቅ!»

«ዓሣ ሲያጠምድ ይሆናላ።»

«እሱ? ዓሣ ገና ሲሸተው ያስነጥሰዋል!» ሴትዮዋ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ወዲያው በፈገግታቸው አፍረው ወደ ፎጣው አቀረቀሩ።

አሥር አለቃው ደጅ ሲጠብቃት፣ «አንድ ሰው ቀርቷል» አላት። «በወንዙ ላይ ምሰሶ የሚተክሉት ሽማግሌ፤ ባለ ምልክቱ ይሏቸዋል። ከካፒቴኑ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ ግን ከተኳረፉ ቆይተዋል። ቂም ካለ እዚያ ነው።»

የባለ ምልክቱ ቤት ከዳሩ ጫፍ ነው። በግቢው ውስጥ ልጣጩ የተላጠ ረጃጅም እንጨት ተደግፎ ቆሟል፤ ነጭ ጨርቅም በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ወንዙ ሲጎድል እኚህ ሰው ጥልቁ ባለበት መስመር ምሰሶ ይተክላሉ፤ ጫፉ ላይም ጨርቅ ያስራሉ። ከባድ ጭነት የያዘ ጀልባ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየተጠጋ ያልፋል።

ሽማግሌው የእግር ኮቴ ሲሰሙ ተነሡ፤ ሁለት እጆቻቸውንም አጣምረው ለካቴና ዘረጉ።

«ዘገያችሁ» አሉ። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አሥር አለቃው ደነገጠ። መርማሪዋ ግን በዚያ ቀን ገዳይ ነኝ የማይላት ሰው ብታገኝ ይበልጥ ትደነቅ ነበር።

«ይቀመጡ አባቴ። እንዴት ገደሏቸው?»

«በዓይኔ። ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺንም እንደ ጥላ ነው የማይሽ። እሱ ቀድሞ አወቀብኝ። ‹ምሰሶውን ለሌላ ስጥ› አለኝ። ሰደብኩት። አንተ ራስህ መሪህን ለልጅ ልትሰጥ ስለሆነ ሰው ሁሉ ያረጀ መሰለህ ወይ አልኩት። ተለያየን። ከዚያ ብቻዬን ወጥቼ በዳሰሳ ተከልኩ።»

«መሪውን ለተማሪው ጨርሰው ሊሰጡ ነበር?»

«የልጅ ልጁ ሲወለድ ወንዙ ሁሉ በተሰበሰበበት ሊሰጠው ነበር። ይህን የማያውቅ የለም።»

«እና ምሰሶው ከሞታቸው ጋር በምን ተገናኘ?»

«እየውልሽ ልጄ። ከመታጠፊያው በላይ ጥልቁ መካከል ለመካከል ነው። እዚያ ቦታ ‹ቀኝ› ብሎ የሚያስጮህ ነገር የለም። እሱ ከጮኸ፣ የእኔን ምሰሶ ቀኝ ዳር ላይ አይቶ ነው። ትንንሹ ታንኳ በየትም ያልፋል፤ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ከባድ ጭነት ይዞ ሽቅብ የወጣ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ስሕተቴን የነገረኝ የእሱ ሬሳ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ወንዙ ዞረች። «ታንኳ አለዎት?»

ታንኳቸው ከኋላዋ ትንሽ የመሪ ሰሌዳ ያላት ናት። አሥር አለቃው እንዲቀዝፍ ሆነ፤ ሽማግሌው ከፊት ተቀመጡ፤ መርማሪዋ የመሪውን እጀታ ያዘች። መታጠፊያውን ሲያልፉ ከሩቅ አንድ ነጭ ጨርቅ በቀኝ ዳር በኩል ሲውለበለብ አየች።

«ወደ ቀኝ ዳር ልጠጋ ነው» አለች፤ እርሱም በግራ እጇ በኩል ነበር። እጀታውንም ወደ ግራዋ ሳበችው።

ታንኳዋ አፍንጫዋን ወደ ተቃራኒው ዳር መለሰች።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ ሽማግሌው። «ወዴት ነው የምትወስጂን? መሪ እንደ በቅሎ ልጓም አይሳብም ልጄ። እጅሽን ወዲያ ግፊው! እጅ ወደ አንዱ ጎን ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ሌላው ነው የምትዞረው።»

መርማሪዋ እጀታውን ለቀቀችው። ታንኳዋ ያለ መሪ ተንሳፈፈች። አሥር አለቃው «አመመዎት እንዴ?» እስኪላት ድረስ ባዶ እጇን ትመለከት ነበር። ከዚያም እጀታውን እንደገና ይዛ በኃይል ወደ ቀኟ ገፋችው፤ የታንኳዋም አፍንጫ ወደ ግራዋ፣ ወደ ወንዙ ቀኝ፣ በቀጥታ ወደ ነጩ ጨርቅ ዞረች።

ከምሰሶው ሥር ውኃው ጸጥ ያለ ይመስላል። አሥር አለቃው በመቅዘፊያው ሲዳስስ ግን እንጨት ከእንጨት ተጋጨ። ጎርፉ ዘንድሮ ያመጣው፣ ሥሩ ሽቅብ የተገለበጠ ግንድ በጭቃው ውስጥ ተቀብሯል። ከጫፎቹ አንዱ በአዲስ ተገምሷል፤ በስንጥቁ ውስጥም አረንጓዴ ቀለም ተጣብቋል፤ የድርቆሽ ሰበዝም ተጠምጥሞበታል።

«አረንጓዴ ነው?» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

«አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያስ እኔ ነኝ። አላልኩሽም?»

መርማሪዋ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ውኃው በጎደለ ቁጥር በእንጨቱ ላይ የደረቀ የደለል ቀለበት ትቶ ወርዷል። ከዚያ በታችና በላይ ወደ ቆሙት ምሰሶዎች እንዲወስዷት ጠየቀች፤ አንድ በአንድ አየቻቸው። ተመልሳም ዳግመኛ ይህኛውን አየች።

«ሁሉንም በአንድ ሰሞን ነው የተከሏቸው?»

«በአንድ ሰሞን።»

«እንግዲያው ዓይንዎን አይርገሙት» አለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር ታንኳዋን ወደ ወደቡ አዞረች፤ በዚህ ጊዜ እጇ አልተሳሳተም።

ሁሉም በመጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነፍሰ ጡሯ በድርቆሽ እስር ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ ከእግሯ ሥር። የካፒቴኑ እኅት እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገቡ። ባለ ምልክቱ ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ድፍረት አላገኙም። ሞተሪስቱ ግድግዳ ተደግፎ ጨርቁን ያፍተለትላል። አሥር አለቃው ወደ ፖሊስ ጀልባዋ እያየ፣ «ሰዓቱ ደርሷል» አለ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የማነጋግረው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነኝ አለኝ። አንድ እናት ስለነዘነዙ፣ አንዱ ስለተሳሳተ፣ አንድ አባት ዓይናቸው ስለደከመ፣ አንዱ ሞተር ስላላጠፋ። ከአራቱ ኑዛዜዎች ሦስቱ ከፍቅር የመጡ ናቸው። አንዱ ግን ከበስተኋላው ሌላ ነገር ደብቋል።»

ወደ ወጣቱ ዞረች። «ተነሥ። ትናንት እጅህ ያደረገውን እስቲ ለሁሉም አሳይ።»

ወጣቱ ተነሥቶ ክንዱን ወደ ቀኙ ገፋ።

በወንዝ ላይ የተወለዱት ሰዎች ያን ክንድ እያዩ ፊታቸው ተለወጠ። መጀመሪያ የተናገሩት የካፒቴኑ እኅት ናቸው።

«እጀታውን ነው እንዲህ የገፋኸው?»

«አዎ እማማ። ወደ ቀኜ።»

«አንተ ገልቱ! እጀታው ወደ ቀኝህ ከሄደ ጀልባዋ ወደ ግራህ ናታ የሄደችው! ወደ ወንዙ ቀኝ! ልክ እሱ እንዳለህ!»

«እጁ እውነቱን ነበር የያዘው» አለች መርማሪዋ። «‹ተሳስተሃል› የሚል ጩኸት በድንጋጤው መካከል ሲሰማ ግን እጁን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ጥልቁ ይወጡ ነበር፤ ካፒቴኑም ዛሬ በሕይወት ነበሩ። የሞቱት ልጁ በትክክል ስለታዘዘ ነው።»

ወጣቱ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ሚስቱ ያዘችለት።

«ሁለተኛ፤ ጀልባዋ የመታችው ግራ ዳር ያለውን አሮጌ ጉቶ አይደለም። ቀኝ ዳር፣ ውኃ ውስጥ የተቀበረ ግንድ ነው፤ ቀለሟ እዚያ ላይ ቀርቷል፤ አሥር አለቃውም አይቷል። ታዲያ በጎን በኩል ሲያይ የነበረ፣ ዕድሜውን በወንዙ ላይ የጨረሰ ሰው ለምን ግራ ዳር ነው አለኝ? ቀኝ ዳርን እንዳላይ የሚፈልግ፣ እዚያ ምን እንደቆመ የሚያውቅ ነው።»

ሞተሪስቱ ጨርቁን ማፍተልተሉን አቆመ።

«እዚያ የቆመው የእኔ ምሰሶ ነው» አሉ ሽማግሌው ከበሩ። «እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

«እንጨቱ የእርስዎ ነው አባቴ፤ ቦታው ግን አይደለም። በአንድ ሰሞን የተተከሉ ምሰሶዎች ሁሉ ውኃው ሲጎድል አንድ ዓይነት ቀለበት ይይዛሉ፤ ከውኃው ያላቸውም ከፍታ አንድ ነው። የዚህኛው ቀለበቶች ግን ከጎረቤቶቹ በክንድ ያህል ሽቅብ ወጥተዋል። ያን ደለል የለበሰው ሌላ ቦታ ቆሞ ነው። በቅርቡ ተነቅሎ፣ እንደ እርስዎ ውኃ ውስጥ ገብቶ በሙሉ ክብደቱ በማይተክል ሰው፣ ከታንኳ ላይ ሆኖ በስሱ ተሰክቷል። እንዲህ የሚሠራ ሰው እጁ እስከ ክርኑ ይጨቀያል፤ እግሩ ግን ደረቅ ነው።»

የካፒቴኑ እኅት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ፎጣዬ» አሉ።

«ዛሬም ሬሳው ከወጣ በኋላ ‹ልፈልግ› እያለ ታንኳ ሲለምን አረፈደ። ምሰሶውን ወደ ቦታው ሳይመልስ እንቅልፍ የለውማ።»

ማንም ወደ ሞተሪስቱ መዞር አልፈለገም፤ ሆኖም ሁሉም ዞሩ። ነፍሰ ጡሯ ብቻ ናት የጠራችው።

«ጋሼ?»

ሞተሪስቱ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ግንዱን አላውቅም ነበር» አለ። «በእናትሽ አጥንት፣ አላውቅም ነበር። አሸዋ መስሎኝ ነው። ልጁ አሸዋ ላይ እንዲቀመጥ፣ ድርቆሹን ሁሉ አውርደን እንድንገፋ፣ ወንዙ ሁሉ እንዲስቅበት። ካፒቴኑም ‹ገና ነው፣ አልበሰለም› እንዲሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ተቀምጬ የመሪ ያዥ ጀርባ ሳይ ኖርኩ። መጀመሪያ የእሳቸውን። ደግሞ አሁን የዚህን ልጅ ጀርባ እያየሁ ልሙት?»

«ከወደቁ በኋላስ? ለምን በልጁ ላይ ጮህክ?» አለች መርማሪዋ።

«አፌ ነው የጮኸው። አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣሁለት።»

ባለ ምልክቱ ግድግዳ እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ። «ዓይኔ አይደለም?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ግን የፈለጉት ከመርማሪዋ ሳይሆን ደጅ ከተጋደሙት ይመስል ነበር።

«አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ልጁ እንደነገረኝ፣ ካፒቴኑ ጥልቀት መለኪያው ዘንግ በእጃቸው ነበር። አላወረዱትም። ምሰሶውን እንዳዩ ‹ቀኝ› አሉ።»

ሽማግሌው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው። «ከእኔ ጋር ሳይነጋገር» አሉ፣ «ምሰሶዬን አመነው።» ነጻ የወጡበት ቃል ከክሱ ይልቅ ከበዳቸው።

ካፒቴኑ የተወለዱት ላይኛው መንደር ነው፤ እዚያ ሊቀበሩ ይገባል። ያቺን አሮጌ ሞተር ማስነሣት የሚያውቅ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር አልነበረም።

«እስረኛ ነው እኮ ኢንስፔክተር!» አለ አሥር አለቃው።

«አጠገቡ ተቀመጥ። ሲመለስ ይወርዳል።»

ስለዚህ አረንጓዴዋ ጀልባ ድርቆሿ ተራግፎ፣ አፍንጫዋ በሳንቃ ተጠግኖ፣ ካፒቴኑን በመካከሏ አስተኝታ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ተነሣች። ልጃቸውና እኅታቸው በግራና በቀኝ ተቀመጡ። ባለ ምልክቱ ዓይናቸው ባይረዳቸውም ጥልቀት መለኪያውን ዘንግ ይዘው ከፊት ቆሙ፤ አሁን ምንም ምሰሶ አላመኑም፣ በየእርምጃው ወንዙን ይዳስሱ ነበር። ተማሪው መሪውን ያዘ። ከበስተኋላው ሞተሪስቱ ነበር፤ በፊቱ ያው የመሪ ያዥ ጀርባ።

ከመታጠፊያው በላይ፣ ምሰሶው ተነቅሎ ከግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከዚያ አልፈው ውኃው ሲሳሳ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ።

«ቀኝ!»

ወጣቱ እጁ በእጀታው ላይ ደረቀ። ጀልባዋ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ እርሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ቀኝ አልኩ እኮ!»

«የማን ቀኝ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«የወንዙ ነዋ! ሌላ ቀኝ አለ እንዴ?»

እጀታውን ቀስ ብሎ ወደ ቀኙ ገፋው። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ግራው ዞረች፤ ከሥራቸው ያለው ውኃ ጠቆረ፣ ጠለቀ።

ከሞተሩ ዘንድ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማው ያልታሰበ ድምፅ መጣ።

«ልክ ነህ» አለ ሞተሪስቱ። «ትናንትም ልክ ነበርክ።»

ወጣቱ ዞር አላለም። መሪውን እንደያዘ ወንዙን ያይ ነበር።